ያጋጠሙ ችግሮች

ይህ ታሪክ የተጻፈው አንድን ታላቅ ሰው ለማመስገን ነው። በታላቅነታቸው የሚጠራጠር ቢኖር ወደ መሥሪያ ቤታቸው መዝገብ ቤት ይዝለቅና ከሦስተኛው መደርደሪያ የፈለገውን ሪፖርት መዝዞ ያንብብ። አቧራውን እፍ ማለት ግን አይርሳ፤ ከእሱ በፊት ያነበበው ሰው የለምና።

እኚህ ሰው የዕቅድና ክትትል ክፍል ኃላፊ ናቸው። ባልደረቦቻቸው ፊት ለፊት «ኃላፊ»፣ ዞር ሲሉ ደግሞ «ጋሽ በመሆኑም» ይሏቸዋል። «በመሆኑም» ሳይሉ የጨረሱት ንግግር ስለሌለ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ የሩብ ዓመት ሪፖርት መሙላት። የሪፖርቱ ቅጽ ስድስት ዓምድ አለው። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ተራ ቁጥር፣ ተግባር፣ ዕቅድ፣ ክንውን፣ በመቶኛ የሚሉ ስለሆኑ ማንም ይሞላቸዋል። ስድስተኛው ግን «ያጋጠሙ ችግሮች» ይላል። ጋሽ በመሆኑም እዚህ ሲደርሱ ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ይሰቅላሉ፣ መነጽራቸውን ይወለውላሉ፣ ስልክ እንዳይገባባቸው ለጸሐፊያቸው ያስጠነቅቃሉ። ከዚያ ብዕሩ ይፈሳል። ዝናብ በዝቶ መንገዱ መጨቅየቱ፣ ዝናብ ጠፍቶ አቧራው መነሣቱ፣ ኮሚቴው ባለመሟላቱ አለመሰብሰቡ፣ ተሟልቶ ሲሰበሰብ ደግሞ ወንበር ማነሱ፣ ሁሉም በየተራው ይሰፍራል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይባልላቸው። ጋሽ በመሆኑም በዕድሜያቸው አንድም የሐሰት ምክንያት ጽፈው አያውቁም። ዘነበ ካሉ ዘንቧል። ወንበር አነሰ ካሉ የቆመ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ታማኝነት በቅጹ ቅርጽ ላይ ሳይቀር ታየ። ስድስተኛው ዓምድ በየዓመቱ እየሰፋ፣ «ክንውን» የሚለው በየዓመቱ እየጠበበ ሄደና በመጨረሻ አንድ አሃዝ ብቻ የሚያስገባ ሆነ። ችግር አልተፈጠረም፤ አሃዙ ሁልጊዜ ያው አንዱ ክብ ነበር።

ሰውነታቸውም ከዓምዱ ጋር ሰፋ። ማሰሪያ ያለው ጫማ ካደረጉ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ጎንበስ ብሎ ማሰር በቢሮ ሰዓት ሊያልቅ የማይችል ተግባር ሆኖ ስለተገኘ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቢሯቸው ሲወጡ መካከል ላይ ቆመው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የድሮ ማስታወቂያ በጥሞና ያነባሉ። ማስታወቂያውን ከሰባት ዓመት በፊት ጽፈው የለጠፉት ራሳቸው ነበሩ።

አንድ ቀን እግራቸው ሲደነዝዛቸውና ውኃ ጥም አላስቀምጥ ሲላቸው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ዶክተሯ በዕድሜ ልጃቸው የምትሆን፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ነበረች። ደማቸውን አስለካች፣ ሚዛን ላይ አቆመቻቸው፣ ወረቀቱን አየች። ከዚያም፦

«በቤተሰብ ስኳር ያለበት አለ?» ብላ ጠየቀች።

«ታላቅ ወንድሜ።»

«እንዴት ናቸው ታዲያ?»

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ጋሽ በመሆኑም። «ቀኝ እግሩ ብቻ ነው የሌለው።»

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። «አባቴ፣ ሦስት ወር እሰጥዎታለሁ። በየቀኑ አርባ ደቂቃ በእግርዎ ይሂዱ። በሦስት ወር ስኳርዎ ካልወረደ መርፌ እንጀምራለን። እግርዎን ከአሁኑ ካልጠበቁት ደግሞ እንደ ወንድምዎ እንዳይሆኑ እፈራለሁ።»

«ሐሳቡን በመርህ ደረጃ እቀበለዋለሁ» አሉ ጋሽ በመሆኑም።

ቤት ሲደርሱ ለባለቤታቸው ነገሩ። ባለቤታቸው ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። የሰፈሩ ሰው ግማሹን ስላስተማሩት፣ ቀሪው ግማሽም ልጆቹን ስላስተማሩለት፣ ሁሉም «እትዬ ሒሳብ» ይላቸዋል። መልሱን ብቻ ጽፎ ስሌቱን ላላሳየ ተማሪ ዜሮ በመስጠት ይታወቃሉ። ዛሬ የተከበረው የሰፈሩ ልብስ ሰፊ እንኳ ያንን ዜሮ ያገኘበትን ቀን አይረሳም። እትዬ ሒሳብ የዶክተሯን ቃል ሲሰሙ ጓዳ ገብተው ትንሽ ቆዩና ዓይናቸውን ጠርገው ወጡ፣ በዚያው ቀን ሸራ ጫማ ገዝተው መጡ።

ከዚህ በኋላ የተከተለው ሳምንት በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ካልሆነ በቀር ወደር የለውም። ሰኞ ዕለት ጫማው አዲስ ስለሆነ ተረከዝ ይልጣል ተባለ። እውነት ነው፣ ይልጣል። ማክሰኞ ዘነበ። ረቡዕ ጠዋት አልዘነበም፤ ነገር ግን ማክሰኞ የዘነበው አልደረቀም። ሐሙስ ቀን ጉልበታቸውን ቆረጠማቸው። ዓርብ ከቁርስ በፊት መሄድ እንደሚያዞር፣ ከቁርስ በኋላ መሄድ ደግሞ ሆድ እንደሚያውክ ተገነዘቡ። በመሆኑም በቁርስ ሰዓት መሄድ ብቻ ቀረ፤ በቁርስ ሰዓት ደግሞ ቁርስ ነበረባቸው።

እሑድ እትዬ ሒሳብ ጋሽ በመሆኑምን ይዘው እግራቸውን ወዳጡት ታላቅ ወንድማቸው ቤት ሄዱ። ወንድማቸው ከመንገዱ ጋር በሚተያይ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው መንገደኛ ያያሉ። አልጋቸው ሥር አንድ ጥንድ ጫማ አለ። ሁለቱም ጫማዎች ተወልውለው ያብረቀርቃሉ፤ የቀኙ ሶል ግን መሬት ነክቶ አያውቅም።

«ወንድምጋሼ፣ የማታደርገውን ጫማ ምን ያስወለውልሃል?» አሉ ጋሽ በመሆኑም።

«ልማድ ነው። እጄ እዚያኛው ላይ ሲያልቅ ወደዚህኛው ይሄዳል።» ወንድማቸው ከመስኮቱ ዞረው አዩአቸው። «መራመድ አልተመቸኝም አልክ አሉ?»

«ጉልበቴን ያመኛል። መንገዱም ውሻው ብዛቱ…»

«አዎ። ለእኔም ውሻው እውነት ነበር። ጉልበቴም እውነት ያመኝ ነበር። ሥራውም ይበዛ ነበር፣ አንተው ታውቃለህ። ሰው ሰነፍ ይለኛል እንጂ እኔ አንዲት ውሸት አልተናገርኩም።» የታጠፈውን የሱሪያቸውን እግር በመዳፋቸው አስተካከሉት። «ሊቆርጡት ሲሉ ግን ‹ምክንያትህ እውነት ነበር ወይ?› ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

ጋሽ በመሆኑም ወደ ቤት ተመለሱ።  ማታ ሲተኙ የአልጋ ልብሱን ገልጠው ሁለት እግራቸውን ተራ በተራ አዩ። ልባቸው ተነክቶ ነበር፤ ይህንን መደበቅ አያስፈልግም። ሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥተው ሸራ ጫማቸውን አደረጉ፣ ባለቤታቸው ተንበርክከው አሰሩላቸው፣ የግቢው በር ተከፈተ። ሰባት ደቂቃ ቆይቶም ተመልሶ ተከፈተ።

«ምነው?» አሉ እትዬ ሒሳብ።

«አይቻልም። መንገዱ በጉድጓድ ተሞልቷል። እግሬን ልጠብቅ ብዬ እግሬን ልሰብር?»

እትዬ ሒሳብ የያዙትን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።  «ስማኝ፣ አንተ ሰውዬ። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬህ ኖሬአለሁ። እግርህን በጨርቅ ተጠቅልሎ መቀበል አልፈልግም። መበለትም መሆን አልፈልግም። ገባህ?»

«ጉድጓዱ እኮ እውነት ነው!»

«ስንት ነው?»

«ምኑ?»

«ጉድጓዱ።»

«ብዙ ነዋ።»

«‹ብዙ› የሚባል ቁጥር የለም» አሉ እትዬ ሒሳብ፤ ድምፃቸው ድንገት ወደ ክፍል ውስጥ ድምፅ ተለወጠ። «አይቻልም ካልክ ምንም አልልህም። ዶክተሯም ምንም አትልህም። ግን በጽሑፍ አቅርብ። ስሌቱንም አሳይ። ያላሳየኸውን ምክንያት አልቀበልም።»

ጋሽ በመሆኑም ቀጥ ብለው ቆሙ። በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎታቸው ማንም ማስረጃ ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። መጀመሪያ ፊታቸው ቀላ። ከዚያ ደረታቸው ተነፋ። አንድ ባለሙያ ሙያው ሲጠየቅ የሚሰማው ክብር ተሰማቸው።

«ይቀርባል» አሉ። «ዝርዝር ጥናት ይቀርባል።»

ጥናቱ በማግስቱ ተጀመረ። ከልብስ ሰፊው የልብስ ሜትር ተዋሱ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር አዘጋጁ፣ ከግቢያቸው በር ጀምረው እስከ መድኃኒት ቤቱ፣ ከመድኃኒት ቤቱ እስከ ዳገቱ አናት ያለውን መንገድ «የጥናት ክልል» ብለው ሰየሙት። እያንዳንዱ ጉድጓድ ቁጥር ተሰጠው። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ጥልቀቱ ተመዘገበ። ሲዘንብ ጉድጓዶቹ ስለሚሰፉ በየዝናቡ ማግስት እንደ አዲስ መለካት አስፈለገ። በሁለተኛው ሳምንት ዘጠና አንድ ጉድጓድ ላይ ደርሰው ለእትዬ ሒሳብ አሳዩአቸው። እትዬ ሒሳብ መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት።

«ጥሩ ጅምር ነው። ውሾቹስ?»

«ስድስት ናቸው። ጠዋት ቆጥሬአለሁ።»

«ማታስ? የጠዋቱ ውሻና የማታው ውሻ አንድ መሆኑን በምን አወቅህ?»

በመሆኑም ማታም ይወጡ ጀመር። ውሾቹ ስድስት ሳይሆኑ አሥራ አንድ ሆነው ተገኙ። አንደኛዋ፣ ጆሮዋ የተቀደደው፣ በሦስተኛው ሳምንት አጅባቸው ትሄድ ነበር፤ በጥናቱ ውስጥ ግን «አስጊ» ተብላ ተመዝግባለች።

«ዳገቱም አለ» አሉ አንድ ቀን ጋሽ በመሆኑም በድል አድራጊነት። «ትንፋሽ ይቆርጣል። በዚህ ዕድሜ የሚሞከር አይደለም።»

«ስንት እርምጃ ነው?»

«አራት መቶ አሥር።»

«ስንት ጊዜ ለካኸው?»

«አንድ ጊዜ።»

«አንድ ጊዜ የተለካ ነገር አልተለካም» አሉ እትዬ ሒሳብ ሽንኩርታቸውን እየከተፉ። «ሦስት ጊዜ ለካና አማካዩን ውሰድ። ደግሞ በየቀኑ፤ ትንፋሽህ እንደ ቀኑ ይለያያላ።»

የሰፈሩ ሰው ጉድ አለ። ሸራ ጫማ ያደረጉ፣ ደብተር በብብታቸው የያዙ፣ ፊታቸው በላብ የራሰ ትልቅ ሰው ጠዋትና ማታ ዳገቱን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ ደግሞ ይወጣሉ። አንድ ቀን ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ፦

«እሰይ! እንኳን ስፖርት ጀመሩ፣ ጋሼ!» አላቸው።

ጋሽ በመሆኑም እንደተሰደበ ሰው ቆሙ። «ማን ነው ስፖርት የጀመረው?»

«እርስዎ ነዎታ። በቀን ሁለቴ…»

«ስፖርት አይደለም! ስፖርት መሥራት እንደማይቻል እያጠናሁ ነው።»

ልብስ ሰፊው አፉን በሜትሩ ሸፈነ። «ታዲያ ጥናቱ ሱሪዎን አሰፋው እኮ። ያምጡትና ልሰብስበው።»

ሱሪው አንድ ጊዜ ተሰበሰበ። በወሩ ደግሞ ተሰበሰበ። ጋሽ በመሆኑም ይህንንም «የልብስ ጥራት መጓደል» ብለው መዝግበውታል። ደረጃው መካከል ላይ የነበረውን ማስታወቂያ ማንበብ መተዋቸውን ግን ራሳቸውም አላስተዋሉም። እግራቸው መደንዘዙን ተወ። እንቅልፋቸው ተመለሰ። አንድ ጠዋት ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ራሳቸው አሰሩና ባለቤታቸው ከጓዳው በር ላይ ቆመው ለምን እንደሚያለቅሱ ሳይገባቸው ወጡ።

ሦስት ወር ሲሞላ ጋሽ በመሆኑም ስልሳ አራት ገጽ ጥናት ይዘው ዶክተሯ ዘንድ ቀረቡ። ዶክተሯ በመጀመሪያ ደማቸውን አስለካች። ውጤቱን አይታ እንደገና አስለካች። ሚዛን ላይ አቆመቻቸው፤ ዘጠኝ ኪሎ ቀንሰዋል።

«በጣም ጥሩ ነው! ምን አደረጉ?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«ዶክተር፣ ያዘዙኝን መፈጸም ፈጽሞ እንደማይቻል በጥናት አረጋግጬአለሁ። ይኸውልዎት። አንድ መቶ አርባ ሦስት ጉድጓድ፣ አሥራ አንድ ውሻ፣ በአማካይ አራት መቶ ስምንት እርምጃ ዳገት። በመሆኑም አልተራመድኩም።»

ዶክተሯ ጥናቱን ገለጠች። ገጽ በገጽ ቀን ተጽፏል፣ ሰዓት ተጽፏል። ለረጅም ጊዜ አቀርቅራ ቆየች፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«አባቴ፣ በዚሁ አለመራመድዎ ይቀጥሉ» አለች። «አደራ እንዳያቋርጡት።»

ጋሽ በመሆኑም ይህንን የሕክምና ማረጋገጫ ይዘው መሥሪያ ቤት ገቡ። ወሬው በአንድ ቀን ሁለቱንም ፎቅ አዳረሰ። ሥራ አስኪያጁ፣ ራሳቸው መኪና ውስጥ ለመግባት የሰው ክንድ የሚያስፈልጋቸው ሰው፣ በደስታ ሠራተኛውን አዳራሽ ሰበሰቡ። «የተከበራችሁ ሠራተኞች!» አሉ፤ «እስከ ዛሬ ‹ተንቀሳቀሱ፣ ተንቀሳቀሱ› በሚል ያልተጠና አመለካከት ስንሸበር ኖረናል። እነሆ የራሳችን ባለሙያ ያለምንም እንቅስቃሴ ጤናን ማረጋገጥ እንደሚቻል በራሳቸው አካል አሳዩ! ይህ ምርጥ ተሞክሮ ወደ ታች ወርዶ፣ ወደ ጎን ሰፍቶ፣ በሁሉም ክፍል ሥር መስደድ አለበት!» ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። በዚያው ሳምንት የመሥሪያ ቤቱ ኳስና መዝለያ ገመድ በሞዴል ቅጽ ተመዝግቦ ዕቃ ቤት ገባ። የጤና ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴውም በየቀኑ አርባ ደቂቃ እንዲቀመጥ ተወሰነ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ይኖር ነበር። ነገር ግን ሥራ አስኪያጁ ከደስታቸው ብዛት የጥናቱን ቅጂ ማኅተም አድርገው ለማዘጋጃ ቤት «ለመረጃ ያህል» ላኩት። እዚያ የደረሰ ጽሑፍ ሁሉ የሚሄድበት መደርደሪያ አለ። የዚያን ሰሞን ግን አንዲት አዲስ መሐንዲስ ተቀጥራ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱን ወግ ገና ስላልለመደች ጥናቱን አነበበችው። አንብባም ደነቃት። እያንዳንዱ ጉድጓድ ቁጥር፣ ቦታና ልክ ያለው ሰነድ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። ምን ያህል ድንጋይ፣ ምን ያህል አሸዋ እንደሚያስፈልግ በአንድ ከሰዓት አሰላችው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ጉድጓዶቹ ተደፈኑ፣ እግረኛ መንገዱ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጠፈ፣ ዳገቱ ላይ መደገፊያ ብረትና ማረፊያ ወንበር ተተከለ። ውሾቹ ተከትበው መጠለያ ገቡ። ጆሮዋ የተቀደደችው ብቻ አልያዝ ብላ ጋሽ በመሆኑም ግቢ ውስጥ ተደበቀች።

ጋሽ በመሆኑም መንገዱን ባዩ ጊዜ እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጫኑ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ይራመድ ጀመር። ልብስ ሰፊው ሱቁን ዘግቶ ይራመዳል። የሥራ አስኪያጁ ሚስት ባላቸውን ቤት አስቀምጠው ይራመዳሉ። ጋሽ በመሆኑም ግን ደብተራቸውን ዘግተው ሳሎን ገቡ።

«ተነሥ እንጂ፣ መንገዱ እንዴት አምሯል!» አሉ እትዬ ሒሳብ።

«ምን ልሠራ?»

«ልትራመድ ነዋ!»

«ዝም ብዬ?» አሉ ጋሽ በመሆኑም፤ በእውነት ግራ ገብቷቸው ነበር። «ምንም ሳልለካ፣ እንደ ሥራ ፈት?»

አንድ ወር ተቀመጡ። ልብስ ሰፊው ሱሪውን መልሶ ለቀቀው። ደረጃው መካከል ያለው የድሮ ማስታወቂያ እንደገና አንባቢ አገኘ። እግራቸው በሌሊት ይደነዝዛቸው ጀመር፤ ለባለቤታቸው ግን አልነገሩም። ዶክተሯ ስታያቸው አልሳቀችም። «በሚቀጥለው ወር እንዲህ ከሆነ መርፌ እንጀምራለን» ብላ ቀጠሮ ጻፈችላቸው። ቤት ገብተው ልማዳቸው ስለሆነ ቅጽ አወጡ። ዕቅድ፣ መራመድ። ክንውን፣ ያው ክቡ አሃዝ። ስድስተኛው ዓምድ ላይ ሲደርሱ ብዕራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አልፈስ አለ። ብዙ አሰቡና አንድ መስመር ብቻ ጻፉ፦ «ያጋጠመ ችግር፣ የሚጠና ችግር መጥፋት።»

እትዬ ሒሳብ ይህንን ጠረጴዛው ላይ አግኝተው አነበቡት። ቆመው ደግመው አነበቡት። ከዚያ ወረቀቱን እንደነበረ መልሰው እራት አቀረቡ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ በመሆኑም ሲነሡ ባለቤታቸው ቀድመዋቸው ተነሥተው ሻይ አፍልተዋል። ብርጭቆውን ሲያቀብሏቸው ቀኝ መዳፋቸው በጨርቅ ታስሮ ነበር።

«ምን ሆንሽ?»

«ድስት አቃጠለኝ። ይልቅ ሰምተሃል? መድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ጉድጓድ ተከፍቷል አሉ።»

ጋሽ በመሆኑም ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ማን አለ?»

«ሰዎች።»

«ስንት ሰዎች?»

«ሄደህ ቁጠራቸው» አሉ እትዬ ሒሳብ፣ ፊታቸውን ወደ ምድጃው መልሰው።

ጫማቸውን ራሳቸው አሰሩ። ደብተሩን ከመሳቢያ፣ ሜትሩን ከኪሳቸው አወጡ፤ ሜትሩን ለልብስ ሰፊው እስካሁን አልመለሱለትም። ከግቢው ሲወጡ በሩ አጠገብ የተደገፈችው የአትክልት ዶማ ጫፏ እርጥብ አፈር ይዞ አዩ፣ ግን ቸኩለው ስለነበር አለፏት። ጆሮዋ የተቀደደችው ውሻ ተከተለቻቸው።

መድኃኒት ቤቱ ጋ ሲደርሱ ጉድጓዱ እውነት ነበረ። አንድ ንጣፍ ድንጋይ ተነሥቶ ጎን ላይ በሥርዓት ተቀምጧል። ጋሽ በመሆኑም ተንበርክከው ለኩ። ርዝመቱ ሠላሳ ሴንቲ። ስፋቱ ሠላሳ። ጥልቀቱን በአራቱም ማዕዘን ለኩት፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት። ጠርዙ በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ያለ ነው። አንድ መቶ አርባ ሦስት ጉድጓድ የለካ ሰው እንዲህ ያለ ጉድጓድ ዝናብም፣ መኪናም፣ ጊዜም እንደማይቆፍር ያውቃል። በሰፈሩ ውስጥ ጉድጓድ እንኳ ሲቆፍር ስሌቱን የሚያሳይ አንድ ሰው ብቻ አለ።

ጋሽ በመሆኑም ተንበርክከው ረጅም ጊዜ ቆዩ። የታሰረችው መዳፍ ትዝ አለቻቸው። ስልሳ ሦስት ዓመት የሞላቸው ሴት ጎህ ሳይቀድ ዶማ ይዘው ሲወጡ ታዩአቸው።  ውሻዋ ጉድጓዱን አሸተተችና የምታውቀውን ሽታ እንዳገኘች ጅራቷን ቆላች።

ደብተሩን ገለጡ። ተራ ቁጥር አንድ መቶ አርባ አራት ብለው ጻፉ። ልኩን ጻፉ። «መንስኤ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ብዕራቸው ቆመ። ከዚያ እኚህ በሃያ ስድስት ዓመት አንድም የሐሰት ምክንያት ጽፈው የማያውቁ ታላቅ ሰው፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ «አልታወቀም» ብለው ጻፉ።

በመሆኑም፣ ሌላ ይኖር እንደሆነ ለማጣራት፣ ዳገቱን ወጡት። አማካዩን ለመውሰድም ሦስት ጊዜ ወጡት።